ቤንዚኑን አውርዶ ባትሪ መጫን፦ ባለ 3 ኪሎዋት የጀልባ ሞተር በሎጎ ሐይቅ ሲመዘን

ሞተሩ ጥሩ ነው፤ ባትሪው ይሁን ያሰኛል፤ ኬብሉን ግን ሳትገጥሙት ጣሉት። በትዕዛዝ ከአዲስ አበባ እየመጣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ "ሙሉ የኤሌክትሪክ ጀልባ ጥቅል" እየተባለ ለሚሸጠው ዕቃ ፍርዳችን ባጭሩ ይኸው ነው። የሚያቀርበውን ቤት ስም አንጠራም። ያንኑ ዕቃ ሌላ ስም ለጥፎ የሚሸጥም ስላለ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትታችሁ ውስጡ ያለውን እያያችሁ ፍረዱ።

ውስጡ ያለው ይህ ነው፦ ባለ 48 ቮልት፣ 3 ኪሎዋት ብሩሽ አልባ ሞተር፤ ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፤ ባለ 15 አምፔር ቻርጀር፤ 4 ሜትር ቀይና ጥቁር ኬብል፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ፤ 63 አምፔር የሚል ብሬከር፤ እጅ ላይ የሚታሰር የማግኔት ቁልፍ። የታሰበው በሎጎ ሐይቅ (ከዚህ በኋላ ባጭሩ "ሐይቅ" እንለዋለን) ላይ ሰው ለሚያመላልሱት ስድስት ሜትር ገደማ ለሆኑ የፋይበርግላስና የላሜራ ጀልባዎች ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ቤንዚን ሞተር የተሸከሙ ናቸው።

ከከፍታው እንጀምር፤ ሻጮቹ የማያነሱት ትልቁ ጥቅም ያለው እዚያ ነውና። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትርን አልፎ የተኛ ውሃ ነው። የቤንዚን ሞተር የሚኖረው አየር እየሳበ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ክዳኑ ላይ 15 ተብሎ የተጻፈው ሞተር ሐይቅ ላይ ሲደርስ 12 ገደማ ነው። ካርቡሬተሩም የተስተካከለው ለወደብ አየር ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታፈናል፣ ጭሱ ይበረታል። ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጄት ቀይሮ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ያንን የሚያደርግ ግን እምብዛም አይታይም። የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር አይፈልግምና 3 ኪሎዋቱ ምጽዋም ሆነ ሐይቅ 3 ኪሎዋት ነው።

ይህ ማለት ግን 3 ኪሎዋቱ የ15 ፈረሱን ቦታ ይተካል ማለት አይደለም። አንድ ፈረስ ጉልበት 0.746 ኪሎዋት ነው፤ ስለዚህ 3 ኪሎዋት በሒሳብ 4 ፈረስ ነው። ካርቶኑ ላይ "ከ6 ፈረስ ጋር እኩል" የሚለው ሙሉ በሙሉ ውሸት ባይሆንም፣ የሚለካው ከቆመበት ሲገፋ ባለው ጉልበት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ከመጀመሪያዋ ዙር ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ትልቅና ቀስ ብሎ የሚዞር ፕሮፔለር ይይዛል፣ ከዳር ሲነሳም እንደ 6 ፈረስ ይገፋል። ፍጥነት ስትጠይቁት ግን ወደ 4ቱ ይመለሳል። 15 ፈረሱ ሁለት ሰው ብቻ ጭኖ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የሚሮጠውን ሩጫ ይህ ሞተር አይሮጠውም። አሥር ሰው ሲጫን ደግሞ 15 ፈረሱም ያንን ሩጫ ይተወዋል፤ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ማረስ ይጀምራል፣ ቤንዚኑንም የሚጨርሰው ያኔ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥሩ የውሃ ጠባይ ነው። ጀልባ ፍጥነቱን እጥፍ ካደረገ የሚፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ተሳፋሪው ተጨምሮ ወደ 1.3 ቶን ለሚመዝን ባለ ስድስት ሜትር ጀልባ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ግምቱ እንዲህ ነው፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 400 ዋት፤ በ7 ለመሄድ 1,100 ዋት፤ በ9 ለመሄድ 2,300 ዋት። ከ10 በላይ ጀልባው ራሱ ያነሳውን ማዕበል ሽቅብ ለመውጣት መታገል ይጀምራል፤ ያኔ 3 ኪሎዋቱን ብትጨምሩ ድምፁ እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም።

ባትሪው 5.1 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብቻ ብትጠቀሙ እጃችሁ ላይ ያለው 4.1 ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ሰዓት፣ 50 ኪሎ ሜትር ይወስዳችኋል። በ7 ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ 26 ኪሎ ሜትር። በ9 ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ 16 ኪሎ ሜትር ላይ አለቀ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር 7 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ደርሶ መልስ ከ14 አይበልጥም። ስለዚህ ጥያቄው ይደርሳል አይደርስም ሳይሆን የሚነዳው ሰው ጣቱን ይገታል አይገታም ነው። ተሳፋሪ "ንካው እንጂ!" ሲል እጁን የማይገታ ሾፌር ያለው ባለጀልባ ይህን ጥቅል ባይገዛ ይሻለዋል።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሒሳቡ ይዛባል። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ለዚያው ፍጥነት የሚሄደው ዋት በግማሽም በእጥፍም ሊጨምር ይችላል። 30 በመቶውን ለመመለሻ ማስቀረት የማይሻር ሕግ ይሁን። መቅዘፊያ መያዝም እንደዚያው።

አንድ የሻጭ ወሬ እዚህ ላይ ይስተካከል፦ "እየሄደ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል" የሚለው። ወሬው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ባሕር ላይ ባለሸራ ጀልባዎች አሉ፤ የሚጓዙት በነፋስ ነው፣ ሞተሩ ረዳት ብቻ ነው፣ ከወደብ ለመውጣትና ለመግባት። ባለቤቶቻቸው የናፍጣ ሞተሩን እያወጡ በኤሌክትሪክ መተካት ከጀመሩ ቆይተዋል። እዚያ ሸራው ጀልባውን ሲጎትት ውሃው ፕሮፔለሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩም እንደ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ሥራውን የሚሠራው ነፋሱ ነው። ሐይቅ ላይ ሸራ የለም፤ ጀልባውን የሚገፋው ያው ባትሪ ሆኖ ሳለ ባትሪውን መልሶ ይሞላል ማለት የራስን ጫማ ይዞ ራስን ከመሬት እንደማንሳት ነው። ከባለሸራዎቹ የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው፦ እነሱ የተሳካላቸው ጉዟቸው አጭር፣ ፍጥነታቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ነው። ሐይቅም ሁለቱን ያሟላል።

ባትሪው ላይ ቆም እንበል፤ ገንዘቡም ችግሩም ያለው እዚያ ነው። በጥቅሉ የሚመጣው ለቤት ሶላር የሚሸጠው ዓይነት፣ መደርደሪያ ላይ የሚገባው የብረት ሣጥን ነው፤ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሶላር መስፋፋት ምክንያት አገር ውስጥ በቀላሉ መገኘቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ተመሳሳይ መጠን በአሲድ ባትሪ ልግዛ ብትሉ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት አራት ይሆናል፤ እያንዳንዱ 30 ኪሎ ገደማ፣ በጠቅላላው 120። ከዚያም ላይ ግማሹን ብቻ ነው በሰላም የምትጠቀሙት፤ በ60 አምፔር ሲሳብ ደግሞ ያም ይቀንሳል። በርካሽ ዋጋው ተታልሎ የገባበት ሰው በሁለተኛው ዓመት ሌላ አራት ይገዛል።

የሣጥኑ ጉድለት ለሳሎን እንጂ ለጀልባ አለመሠራቱ ነው። ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳ አለው፣ ከታች ውሃ ያስገባል። በወፍራም ፕላስቲክ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስገብታችሁ ከጀልባው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ቦታው መሀል ነው፤ ወደ ኋላ ከተጫነ ከሞተሩና ከሾፌሩ ክብደት ጋር ተደምሮ ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ዋቱ ይባክናል። በቀበቶና በብሎን እሰሩት። ጀልባ ሲያዘነብል 40 ኪሎ ወደ አንድ ጎን መንሸራተት የለበትም።

ባትሪው ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰሌዳ አለ። 16 ሴሎች ተከታትለው ተያይዘዋል፤ ከ16ቱ አንዱ 2.5 ቮልት ከወረደ ወይም 3.65 ካለፈ ጠባቂው መላውን ባትሪ ይዘጋል። ብዙ ሰው "ባትሪው ተበላሸ" ብሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው 51 ቮልት እያሳየ ሐይቁ መሀል ድንገት ጸጥ ይላል። ባትሪው አልሞተም፤ አስራ አምስቱ ሴሎች ደህና ሆነው አንዷ ሰንፋለች። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁልጊዜ ግማሽ እየሞሉ መንዳት ነው። ሴሎቹን እኩል የሚያደርገው የሰሌዳው ክፍል የሚሠራው ባትሪው ሊሞላ ሲል ብቻ ነው፣ አቅሙም ትንሽ ነው፤ 50 ወይም 100 ሚሊ አምፔር። አንዷ ሴል በ5 አምፔር ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረች በ100 ሚሊ አምፔር እኩል ለመሆን 50 ሰዓት ትፈልጋለች። በወር አንድ ጊዜ እስከ 57.6 ቮልት ሞልታችሁ ቻርጀሩ ላይ ማሳደር ይህን ይከላከላል። አዲስ ባትሪ ከሆነ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት አድርጉት።

በቮልት የባትሪ መጠን አይነበብም፤ ይህ ከአሲድ ባትሪ የለመድነው ልማድ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ90 እስከ 20 በመቶ ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ሳይሳብበት ከ53.3 ወደ 51.2 ነው የሚወርደው፤ ከዚያ በኋላ ገደል ነው። ስለዚህ በጥቅሉ የመጣውን ባለ አራት መብራት መለኪያ አትመኑት፤ አራቱም በርተው ቆይተው ባንዴ ይጠፋሉ። የገባና የወጣ አምፔር የሚቆጥር ባለ ሻንት መለኪያ ለብቻው ግዙ። ሻንቱ (አምፔሩ አልፎበት የሚለካበት ቁራጭ ብረት) በኔጋቲቭ መስመር ላይ፣ ከባትሪው ቀጥሎ ይገባል፤ ሌላ ምንም ነገር ከሻንቱ በፊት ባትሪው ላይ አይታሰርም፣ አለበለዚያ ቆጠራው ይሳሳታል።

አንዱ ባትሪ ይበቃል? ለአዘቦት ቀን ይበቃል። በ7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የአንድ ሰዓት ዙር 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ሦስት ዙር ሠርታችሁ ትርፍ ይዛችሁ ትገባላችሁ። አራተኛው ዙር 4.4 ስለሚያደርሰው ከ4.1 ያልፋል። ኅዳር 26 ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል እስጢፋኖስ ገዳም ሰው ሲጎርፍ፣ ወይም ለጥምቀት፣ ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያይዙ መጀመሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ ሙሉ፤ ቮልታቸው በ0.1 እስኪቀራረብ ድረስ አታገናኟቸው። የውስጥ መከላከያቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዱ ሙሉ አንዱ ባዶ ሆኖ ከተነካካ በመካከላቸው የሚሮጠው አምፔር መፍቻ ያቀልጣል። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ውሰዱ፤ እኩል እንዲሳቡ።

አሁን ወደ ኬብሉ። 3 ኪሎዋት በ51 ቮልት ሲካፈል 60 አምፔር ገደማ ነው። ከመሀል እስከ ኋላ 4 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 8 ሜትር። በጥቅሉ በመጣው ባለ 6 ኬብል 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 84 ዋት ማለት ነው፣ እሱም ተጠቅልሎ ወለል ሥር ያለውን ኬብል ማሞቂያ ሆነ። በባለ 25 ኬብል ኪሳራው ወደ 20 ዋት ይወርዳል። ባለ 16 ያስኬዳል፤ ባለ 25 ግን ለሁለተኛ ባትሪም ለትልቅ ሞተርም ይሆናል። በቀጫጭን የመዳብ ጭራ የተሠራውን የብየዳ ኬብል ምረጡ፤ ለቤት የሚዘረጋው ድርቅ ያለ ሽቦ በጀልባ መንቀጥቀጥ ይሰበራል። አሉሚኒየም ላይ መዳብ ተቀብቶ የሚሸጥም አለ፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ነጭ ከሆነ መልሱት።

የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው የመዳብ ቀለበት ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይጨፈለቃል። ፒንሳ አይበቃም። በፒንሳ የተያዘ ጫፍ 10 ሚሊ ኦም መከላከያ ቢኖረው፣ በ60 አምፔር 36 ዋት ሙቀት ያወጣል። 36 ዋት የካውያ ጉልበት ነው። ካውያ ሰክታችሁ ወለል ሥር ጥላችሁ እንደመሄድ ቁጠሩት። በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይጨመቅ፤ ደሴ ላይ ትልልቅ ጀነሬተር የሚዘረጉ ኤሌክትሪሻኖች ጋር ይገኛል፣ ስምንት ጫፍ ለማስጨመቅ መሣሪያውን መግዛት አያስፈልግም። ከተገጠመ በኋላ ጀልባውን ከዳር በወፍራም ገመድ እሰሩትና ሙሉ ጋዝ ስጡት። ቴስተሩን ወደ 200 ሚሊ ቮልት አዙራችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ብሎን፣ ሌላውን በኬብሉ መዳብ ላይ አድርጉ። 10 ወይም 15 ሚሊ ቮልት ደህና ነው። ከ30 ካለፈ ያ መጋጠሚያ እንደገና ይሠራ። ይህን በየመጋጠሚያው ማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያድነው ግን ጀልባውን ነው።

ብሬከሩንም ከኬብሉ ጋር ጣሉት። 63 አምፔር የሚለው ለቤት ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። የቤት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ ራሱ ይጠፋል። የባትሪ ኤሌክትሪክ ዜሮ የለውም፤ ብልጭታው ይቀጥላል፣ ውስጡን ያቀልጣል፣ እጀታው "ጠፍቷል" እያለ መስመሩ እንደተገናኘ ሊቀር ይችላል። የመኪና ፊውዝም አይሆንም፤ አብዛኛው ላዩ ላይ 32 ቮልት ይላል። ትክክለኛው ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ ነው፣ 100 ወይም 125 አምፔር፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ። ሁለት ባትሪ ካለ ለእያንዳንዱ የራሱ። ማብሪያ ማጥፊያው በላዩ ላይ ለዲሲ (ለባትሪ ኤሌክትሪክ) 60 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ የተጻፈበት ይሁን።

ማብሪያውን ስታበሩ ጧ የሚል ድምፅና ብልጭታ ካለ ምክንያቱ ሞተሩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ባዶ ሆነው ባንዴ መሙላታቸው ነው። አንዳንዴ ቢኤምኤሱ ሾርት መስሎት ይዘጋል፤ ሰውም ሞተሩ አልነሳ አለ ይላል። ከማብሪያው ጎን በትንሽ ቁልፍ የሚገናኝ አምፔሩን የሚገታ ባለ 50 ኦም፣ 25 ዋት ሬዚስተር አድርጉ፤ ሦስት ሰከንድ ተጭኖ ከዚያ ዋናውን ማብራት ነው። ርካሽ ነገር ነው፣ ጥቅሉ ውስጥ አለመኖሩ ያስተዛዝባል።

የላሜራ ጀልባ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ኔጋቲቩን ከጀልባው ብረት ጋር እንደ መኪና አታገናኙ። ትንሽ የሾለከ ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ብየዳው ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ በቴስተር ከብረቱ ወደ ፖዘቲቭ፣ ከብረቱ ወደ ኔጋቲቭ ለኩ፤ የተረጋጋ ትልቅ ቮልት ካሳየ የሆነ ቦታ ላይ የተላጠ ኬብል አለ።

ሞተሩን መስቀል ቀላል ነው፤ ከቤንዚኑ ይቀላል፣ አንድ ሰው ያነሳዋል። ከማዘዛችሁ በፊት የጀልባውን ኋላ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ሆዱ ለኩ፦ 38 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አጭር እግር፣ 51 ከሆነ ረጅም እግር። አጭሩን ረጅም ቦታ ላይ ከሰቀላችሁት ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ያጓራል እንጂ አይገፋም። የፕሮፔለሩ ጫፍ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይጥለቅ። የላሜራው ኋላ ቀጭን ከሆነ ከውስጥም ከውጭም ጣውላ አስደግፉ፣ ሰፋፊ ሮንዴላ አስገቡ፤ ዳዶው የማይፈታ ዓይነት ይሁን።

ለዚህ ሞተር በሐይቅ ትልቁ ጠላት መረብ ነው። ቆሮሶ የሚያዝበት ቀጭን የናይለን መረብ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም የቤንዚኑ ሞተር ይታነቅና ይጠፋል፣ አለቀ። ኤሌክትሪኩ ግን ግትር ነው፤ ኮንትሮለሩ (ሞተሩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) እስኪዘጋው ድረስ ይስባል። ከዚያ የባሰው የማይታየው ነው፦ አንድ ክር ብቻ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይገባና ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይሞርደዋል። በቤንዚኑ እዚያ ያለው የጥርስ ዘይት ስለሆነ ዘይቱ ነጭ ሲሆን ታውቃላችሁ። እዚህ ግን ከጎማው ጀርባ ያለው ሞተሩ ራሱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ፒኑን አውጥታችሁ ፕሮፔለሩን ንቀሉ፣ ዘንጉን በጣት ዳብሱ፣ ክር ካለ በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡ። መለዋወጫ ፒን ሁለት ሦስት ጀልባ ላይ ይኑር። እግሩ ላይ የተገጠመው ተበልቶ የሚያልቅ ብረት ዚንክ ከሆነ በማግኒዚየም ለውጡት፤ ዚንክ ለጨው ባሕር ነው፣ ጨው በሌለው ውሃ ላዩ ይደርቅና ሥራውን ያቆማል።

ሌላ ጥገና የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ምት ሞተር በየሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይደባለቅለት ነበር፣ ከፊሉም ሳይቃጠል ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ካንዴላ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቤንዚን ሰልፍ የለም። ዝምታው ግን ሁለት ጠርዝ አለው፤ ገዳሙ ይወደዋል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ግን አይሰማችሁም። ፊሽካ ያዙ።

ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ቻርጀሩ ደህና ነው፣ ዝግ ይላል እንጂ፤ 15 አምፔሩ የተጠቀማችሁትን ለመመለስ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ለሌሊት ይሆናል። ለአሲድ ባትሪ የተሠራ ቻርጀር ከቤት አምጥታችሁ አትሰኩ፤ "ማደሻ" የሚለው ሥራው ከ60 ቮልት በላይ ይልካል። ቻርጀሩ ጀልባው ላይ ሳይሆን ዳር ላይ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

መብራት የሚቆራረጥበት ዳር ላይ ሶላር መልካም ነው። ስህተቱ እዚህ ይደጋገማል፦ አንድ ባለ 450 ዋት ፓኔል ገዝቶ 48 ቮልት ባትሪ ለመሙላት መሞከር። የአንዱ ፓኔል ቮልት ሲሠራ ከ34 እስከ 41 ስለሆነ ከባትሪው በታች ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያይዙም ያው ነው። አንዱን ከአንዱ አስከትሉ፣ ባለ 150 ቮልት ኤምፒፒቲ (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለባትሪው አስተካክሎ የሚሞላ መቆጣጠሪያ) አስገቡ። ሦስት ማስከተል ግን አትሞክሩ፤ አንዳንዱ ፓኔል ሳይሳብበት 50 ቮልት ስለሚሰጥ ሦስቱ 150ን ይነካሉ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ያልፋሉ፣ ኤምፒፒቲው ይቃጠላል። ሁለቱ 900 ዋት በበጋ ቀን ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግማሹንም አትጠብቁ። ፓኔሉን የጀልባ ጣሪያ ላይ የሚሰቅል አለ፤ አንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ከላይ ሆኖ ጀልባውን ያናውጣል፣ ነፋስም ይይዛል። ዳር ካለው ቤት ጣሪያ ላይ ይሁን።

ማኅበር ሆነው ሰው በሰዓት ተራ የሚያዞሩ ባለጀልባዎች ቢገዙት ያዋጣቸዋል። ሌሊት መረብ ለመዘርጋት ማዶ ድረስ እየተጣደፉ ለሚሄዱ ግን አይሆንም። ሞተሩ ውሃ እንዳያስገባ ተዘግቶ የተሠራ ስለሆነ ኮንትሮለሩ ከሄደ ደሴ ላይ የሚከፍተው መካኒክ አይገኝም፤ ቦርዱ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ 15 ፈረሱን ቶሎ አትሽጡት። ቤንዚኑን ከካርቡሬተሩ ጨርሳችሁ አፍስሱና አስቀምጡት። የታወቁትን ስሞች የሚፈልግ፣ እንደ ኢፕሮፐልሽን ናቪ 3.0 ያለው ያው 48 ቮልትና 3 ኪሎዋት ነው፤ የቶርቂዶም አንዳንድ ሞዴሎች በ48 ቮልት ይሠራሉ። ዋጋቸው ይርቃል፣ ስለ ባትሪና ስለ ኬብል ያልነው ግን አይለወጥም።

ሱቁ ጋ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ኬብሉንና ብሬከሩን አስቀርቶ ዋጋውን ይቀንሳል? ባትሪውን ፊታችሁ ላይ ከፍቶ የ16ቱን ሴል ቮልት በስልክ ያሳያል? ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሴል ከ0.03 ቮልት በላይ ከተራራቁ ሌላ ሣጥን ያስወጣ። ሁለተኛ የማግኔት ቁልፍ ይጨምራል? ያቺ ቁልፍ ውሃ ውስጥ ከወደቀች ሞተሩ አይነሳም፣ ማግኔት ደግሞ አይንሳፈፍም።